ለደረጀ ያሸነፍኩለት ውድድር

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ቃሊቲ፣ ባቡሩ ከሚያልቅበት ወረድ ብሎ ካለች ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶዬን ይዤ ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ አራት ወጣቶች አንድ ስልክ የውሃ ጠርሙስ ላይ አስደግፈው የፎርሙላ የመኪና ውድድር ያያሉ። ማየት ብቻ ቢሆን ጥሩ! የዘንድሮውን ዓመት ከመጀመሪያው ውድድር ጀምረው እየበለቱ ይጨቃጨቃሉ። አንዱ፣ «ነጥቡ ይበቃዋል፤ ከዚህ በኋላ ተኝቶም ቢነዳ ዋንጫው የሱ ነው» ይላል። ሌላው፣ «ጎማ መቆጠብ መቼ ያውቅና! አሥር ዙር ሲቀረው ሲንሸራተት ታያለህ» ይላል። ደስ ብሎኝ ጆሮዬን ጣል አድርጌ እሰማለሁ። በእኛ ጊዜ በዚህ ሰፈር ስለ ፎርሙላ የሚያወራ ሰው እንደ ለየለት እብድ ነበር የሚታየው።

አምስተኛው ጓደኛቸው ከባጃጅ ወርዶ እየሮጠ መጣ። «ማን ይመራል? ምን አመለጠኝ?» አለ። ስልኩን የያዘው ልጅ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «ያንተው ሰውዬ ነዋ፣ ጥሏቸው ሄዷል» አለው። ውሸቱን ነው። ሰውዬው ገና በሦስተኛው ዙር አጥር ገጭቶ ወጥቷል፤ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። የመጣው ልጅ ሲዘል፣ ሌሎቹ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቃቸውን አፈኑ። እኔ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ብድግ ብዬ፣ «ለምን ትዋሸዋለህ? እውነቱን ንገረው!» ብዬ ጮህኩ። ልጁ ደንግጦ፣ «ጋሽ ግርማ፣ ቀልድ እኮ ነው» አለኝ። ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ከፍዬ ወጣሁ። ሲገባኝ ልጁ ምንም አላጠፋም። የተቆጣሁት በሌላ ሰው ነው፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ የሃያ ስድስት ዓመቱ ግርማ ነው።

ያኔ አቃቂ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ ቶርኖ ላይ እሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ ብረት እያሽከረከርኩ ስቆርጥ ውዬ፣ ማታ በኦሞ ብፈተግ ባልፈተግ የዘይቱ ሽታ ከእጄ አይለቅም። አብሮ አደጌ ደረጀ ደግሞ የተሳቢ ሾፌር ነበር። ከጅቡቲ መስመር ሲመለስ ጭነቱን ቃሊቲ ያራግፍና፣ ቤቱ እንኳ ሳይገባ በቀጥታ ሸምሱ ሻይ ቤት ይመጣል። ሸምሱ የስልጤ ልጅ ነው፤ ከሁለታችንም በጥቂት ዓመት ይበልጣል። ሻይ ቤቱን ያስጠሩት በቃሪያ የሚያቃጥል ሳምቡሳውና ጣሪያው ላይ የተከለው ትልቅ ዲሽ ነበሩ። ቤቱ እሑድ እሑድ በኳስ ተመልካች ጢም ይላል። እኛ የፎርሙላ ሰዎች ቢበዛ ስድስት ብንሆን ነው። ጥጋችንን ይዘን ኳሱ እስኪያልቅ እንጠብቅና፣ «ሸምሱ፣ በአላህ ቀይርልን» እንለዋለን። ሲቀይርልን የኳስ ሰዎቹ፣ «አሁን ይሄ የዝንብ ጩኸት ምኑ ይታያል?» እያሉ ይወጣሉ። አይገባቸውም።

የሾፌሮቹን የፈረንጅ ስም መጥራት ስለሚያስቸግረን የራሳችንን ስም አውጥተንላቸው ነበር። ቀስ ብሎ፣ ተጠንቅቆ የሚነዳውን «ቄሱ» እንለዋለን። ጢም ሳያበቅል ሁሉን እያለፈ የሚሄደው «ልጁ» ነው። የደረጀ ሰው «ሽማግሌው» ነበር። ሽማግሌ አልነው እንጂ አርባ እንኳ አልሞላውም፤ ግን ከመሃላቸው በዕድሜ ትልቁ እሱ ነው። ዓመታት ሙሉ በማይረባ መኪና ከኋላ ሲንቀረፈፍ ኖሮ፣ የምነግራችሁ ዓመት ላይ ደህና መኪና ሰጡትና ከፊት መሰለፍ ጀመረ። ደረጀ በእሱ አይጫወትም። «እነዚህ ሌሎቹ መኪናውን ይደበድቡታል። ሽማግሌው ግን ያዳምጠዋል። ሾፌር ማለት እንዲህ ነው» ይላል። እንዲህ ሲል እጁ በአየር ላይ መሪ ይይዛል።

ያንን ዓመት ግን ደረጀ ከእኛ ጋር አላየውም። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት፣ ሞጆ አካባቢ ጭጋግ በሸፈነው ማለዳ፣ መንገድ የሚያቋርጥ አንድ አባወራ ገጨ። ጥሎ አልሸሸም፤ ራሱ ተሸክሞ ሐኪም ቤት አደረሰው፣ ሰውዬው ግን አልተረፈም። ፍርድ ቤት ስድስት ዓመት ፈረደበት። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ገባ፤ ከተወለደበት ቤት በእግር ቢኬድ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ። እናቱ እትዬ ዘነበች ከሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። እኔም እናቴ ገና በልጅነቴ ስለሞተች ያደግኩት ግማሹን በእሳቸው ማዕድ ነው። ሽሮውን በአንድ ሳህን አቅርበው፣ «ተሻምታችሁ ብሉ፣ ብቻውን የሚበላ ሰው አይወፍርም» ይሉን ነበር። ስለዚህ ደረጀን መጠየቅ ለኔ ውለታ አልነበረም፣ ግዴታዬ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ደጅ ካሉት ሱቆች በአንዱ ቀበቶዬንና ቦርሳዬን አስቀምጣለሁ፣ ሰልፍ እይዛለሁ፣ መታወቂያ አሳያለሁ። ፈታሹ የእትዬ ዘነበችን ምስር ወጥ በማንኪያ አገላብጦ «ቅመስ» ይለኛል፣ እቀምሳለሁ። ከዚያ ሁለት አጥር አለ፤ እኛ በዚህ፣ እነሱ በዚያ፣ መሃሉ ባዶ። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ይጮኻል። አንዷ ስለ ልጇ ትምህርት ቤት፣ አንዱ ስለ ጠበቃው፣ እኔ ስለ ጎማ።

ደረጀ መጀመሪያ «እናቴስ?» ይላል። ቀጥሎ «ሽማግሌውስ?» እኔ እተርካለሁ። ማን ቀድሞ እንደተነሣ፣ ማን ጎማ ለመቀየር እንደገባ፣ ዝናቡ በስንተኛው ዙር እንደጀመረ። እሱ ይከራከረኛል፤ «አይ፣ ያኔ መግባት አልነበረበትም፣ ሁለት ዙር ቢታገሥ ልጁን ይበላው ነበር» ይላል። ክፍሉ ሲመለስ ደግሞ በተራው ለእስረኞቹ ይተርክላቸዋል። እዚያ ባለው ቴሌቪዥን ውድድሩ አይታይም። ከመሃላቸው ፎርሙላ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ እሱ አስተማራቸው። ቀስ በቀስ ክፍሉ በሙሉ የሽማግሌው ደጋፊ ሆነ። ሰኔ ላይ፣ «ግርማ፣ ቅዳሜ ሲደርስ ሰዎቹ በር ላይ ይጠብቁኛል» አለኝ፤ ከታሰረ ወዲህ እንደዚያን ቀን ሲስቅ አላየሁትም።

ሐምሌ ገባ። ሰማዩ እንደ ተቀደደ ስልቻ ነው፤ መንገዱ ሁሉ ጭቃ፣ ጥግ ጥጉን የበቆሎ ጥብስ ጭስ። በአንዱ እሑድ ሸምሱ ቤት ተሰብስበን ስናይ፣ ሽማግሌው ከአንድ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ተወርውሮ ግንብ መታ። መኪናው አፍንጫው ጠፋ። ሰውዬውን ቆርጠው አወጡት፤ እግሩ ከሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ ዓመቱ አበቃለት ተባለ። ሻይ ቤቱ ውስጥ አንዲት ብርጭቆ እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። እኔ ትዝ ያለኝ ደረጀ ነው።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ የደረጀ ይግባኝ ውድቅ ሆነ። ቅዳሜ ስሄድ አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ አገኘሁት። ፊቱ አመድ መስሏል፤ የተኛ ሰው አይመስልም። «ሰማህ አይደል? ተዘጋ» አለኝ። ወዲያው ደግሞ፣ «ተወው በቃ። ይልቅ ሽማግሌው እንዴት ሆነልህ?» አለ። ዓይኑን አየሁት። ይህን ሰው ዛሬ በሁለት ነገር ልገድለው ነው ወይ ብዬ አሰብኩ። አፌ ከልቤ ቀድሞ፣ «ሁለተኛ ወጣ» አለ።

እኛ አገር ክፉ ወሬ ሰውና ሰዓት ይመረጥለታል። አባትህ ሞተው ሳለ «ትንሽ አሟቸዋል፣ ና» ተብለህ ከክፍለ ሀገር ትጠራለህ። ድንኳኑን እስክታይ ድረስ የምታገኘው ሁሉ «ደኅና ናቸው» ይልሃል። ከዚያ አንድ ማለዳ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ ያረዳሃል። ማንም ይህን ውሸት አይለውም፤ ማዘን ነው፣ ወግ ነው። እኔም ያደረግኩት ያንኑ ነበር፤ ለመኪና ውድድር ማድረጌ ነው ጉዱ።

ለሸምሱ ስነግረው የያዘውን ጀበና አስቀመጠ። «ግርማ፣ ይሄ ሐራም ነው» አለኝ። «አንድ ሳምንት ብቻ፣ እስኪጠና ነው» አልኩት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ያኔ ምን ልትል ነው?» አለ። «አንተ ደግሞ! የመኪና ወሬ እኮ ነው» ብዬ ተሳለቅኩበት።

አንድ ሳምንቱ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አራት። ደረጀ ይግባኙን ረስቶ ስለ ዋንጫው ማሰብ ጀመረ፤ ይህን እያየሁ እንዴት ልመልሰው? እውነቱን ልናገር፣ ደስም ይለኝ ጀመር። እሑድ ሸምሱ ቤት ትክክለኛውን ውድድር አያለሁ፤ ልጁ ሁሉንም ጠራርጎ እየወሰደ ነው፣ ጓደኞቼ ዓመቱ ሞተ እያሉ ያማርራሉ። እኔ ግን በልቤ ልጁን አውጥቼ ሽማግሌውን አስገባለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ቶርኖ ላይ ሆኜ ወሬዬን እሞርዳለሁ። የት ላይ ይለፍ? ነጂው ጎማውን መቼ ይቀይር? በነሐሴ መጀመሪያ በዶፍ ዝናብ አንደኛ አስወጣሁት። አጥሩ ላይ ስተርክ ከጎኔ የነበሩ ጠያቂዎች የራሳቸውን ጨዋታ ትተው ሰሙኝ። ደረጀ አጥሩን እየነቀነቀ፣ «አላልኩህም! በዝናብ እሱን የሚያክል የለም አላልኩህም!» እያለ ጮኸ። እንባው ወረደ። እኔም አለቀስኩ። ምን ዓይነት ጉድ እንደሆንኩ አስቡት፤ በራሴ ውሸት ያለቀስኩ ሰው ነኝ።

አንዴ ነጥብ ሲደምር አልመጣ አለው። «ቄሱ በዚህ ስሌት እንዴት ሦስተኛ ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። እሱ ግን ወዲያው፣ «ተወው፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ እዚህ ቁጭ ብዬ ጭንቅላቴ ደንዝዟል» አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

በዚያው ነሐሴ እትዬ ዘነበች ከጓሮ ውሃ ቀድተው ሲመለሱ ጭቃው አንሸራተታቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። ወጌሻ መጥቶ አሽቶ አሰራቸው፤ እስከ ጥር ከአልጋ እንዳይነሡ፣ ቀና ብለው እንዳይቀመጡ አለ። የቅዳሜ ጥየቃቸው ቀረ። ራሳቸው ናቸው ያስማሉኝ። «በሞቴ ግርምዬ፣ ወደቀች እንዳትለው። ምንም ላያደርግልኝ እዚያ ሆኖ ይንገበገባል» አሉኝ። እኔም ለደረጀ፣ «ጉልበታቸውን ቁርጥማት ያዛቸው፤ ክረምቱ ሲወጣ ይመጣሉ» አልኩት። ክረምቱ ወጣ፣ መስቀል አለፈ፣ እሳቸው አልመጡም። «ይሄ ጉልበት አልለቃት አለ?» ይለኛል። «እየተሻላቸው ነው» እላለሁ።

ጥቅምት ሲገባ አንድ አዲስ ወጣት እነ ደረጀ ክፍል ገባ። ቀጥሎ ያለውን የነገረኝ ቆይቶ የተፈታ አብሯቸው የነበረ ሰው ነው። ደረጀ እንደ ልማዱ የሳምንቱን ውድድር ሲተርክ ወጣቱ አዳምጦ አዳምጦ፣ በመኪናዎቹ ቀለም እነማን እንደሆኑ ለየና ሳቀ። «የትኛው ሽማግሌ? እግሩ ተሰብሮ ከክረምት ጀምሮ የተኛው? እኔ እኮ ባለፈው ወር ደጅ ነበርኩ፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ልጁ ዋንጫውን በልቶ ጨርሷል!» አለ። ክፍሉ ተንጫጫ። ደረጀ ብድግ አለ። «የኔ ጓደኛ አይዋሸኝም። ውሸት ከሆነ እናቴ ትሙት!» ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ማለ። ወጣቱም ይምላል። ተያያዙ፤ ገላጋይ ገባ። በማግስቱ ሌላ አዲስ ገቢ ስለ ሽማግሌው እግር ሲጠየቅ ያንኑ አለ። ያን ጊዜ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «የሌለ ሰውዬ ስንደግፍ ከረምን!» አሉ። ደረጀ ጥጉን ያዘ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ምንም ሳላውቅ ጎረቤት የሠራችልኝን ምስር ይዤ፣ ሌላ ድል በአፌ ጠቅልዬ ሄድኩ። አጥሩን አልያዘም፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ከወትሮው በተለየ ቀስ ብሎ፣ «የሽማግሌው እግር እንዴት ነው?» አለኝ።

አላስተባበልኩም። «ደረጀ... ያኔ ይግባኙ...» ብዬ ጀመርኩ። እሱ አላስጨረሰኝም። «እናቴስ?» አለ።

«ደኅና ናቸው።»

«እንደ ሽማግሌው ደኅና ናት?»

ያን ጊዜ ደነገጥኩና እውነቱን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። ቁርጥማት አይደለም፣ ወድቀው ነው፣ ዳሌያቸው ተሰብሯል፣ በሕይወት አሉ፣ ወጌሻ ይዟቸዋል፣ አትንገረው ያሉኝ ራሳቸው ናቸው አልኩ። ደረጀ እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ፣ «አሁን ደግሞ የሽማግሌውን ስብራት ለእናቴ ሰጠሃት?» አለኝ። «እውነቴን ነው፣ እግዚአብሔርን!» ብዬ ጮህኩ። «በሷ ሕይወት ማልኩ እኮ ግርማ። ባንተ አፍ አምኜ እናቴ ትሙት አልኩ። ሞታለች አይደል?» አለ። «አልሞቱም!» ስል ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። አንድ ጊዜም አልዞረም። ምስሩን ለማን እንደሰጠሁት እንኳ አላስታውስም።

በሳምንቱ ብሄድ ጠያቂ አልቀበልም ብሎ ቀረ። ፀጉሩን ተላጭቶ ጥቁር ጨርቅ አንገቱ ላይ አስሯል፤ እስረኛው ሦስት ቀን አብሮት ተቀምጦ ሲያስተዛዝነው ሰነበተ አሉኝ። እናቱ በሕይወት እያሉ፣ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ ሆነው፣ ልጃቸው ልቅሶ ተቀመጠላቸው። ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ የእጅ ጽሕፈቴን አይቶ ሳይከፍት መለሰው። ሸምሱ ሁለት ጊዜ ሄደ፣ እሱንም አልወጣለትም። በጥበቃ በኩል «እናትህ በሕይወት አሉ» ብለን ብናስነግረው፣ «ሽማግሌውም አንደኛ ወጥቷል» ብሎ መለሰልን።

ሸምሱ፣ «መድኃኒቱ አንድ ነው» አለኝ። «ፒካፕ እንለምን። አልጋቸውን እንዳለ እንጫንና በር ላይ እናድርሳቸው። የእናቱን ድምፅ ሲሰማ አይወጣም?» እኔ ወጌሻውን ጠየቅኩ። ቢንቀሳቀሱ አጥንቱ ይለያያል፣ እስከ ጥር ታገሡ አለ። ታገሥኩ። ስለ አጥንቱ ነው የታገሥኩት ብዬ ለብዙ ዓመት ለራሴ ነግሬያለሁ። አይደለም። እትዬ ዘነበች ልጃቸው እያለቀሰላቸው መሆኑን አያውቁም ነበር። እሳቸውን ለማስነሣት ምክንያቱን መንገር ነበረብኝ፤ ምክንያቱን ከነገርኩ ደግሞ የክረምቱን ውሸቴን ሁሉ መናገር ነበረብኝ። ብነግራቸው ኖሮ አጥንቱን ምን ከቁም ነገር ይጥፉታል፤ እየዳሁም ቢሆን ይሄዱ ነበር። አፈርኩ። የኔን እፍረት ከእሳቸው እንባ አስበለጥኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ፣ ሳላገኘው ተመልሼ አልጋቸው ጎን እቀመጣለሁ። «እንዴት ሆነልኝ?» ይሉኛል። «ወፍሯል። ሰላም ብሎዎታል» እላለሁ። «ምግቡን በላልኝ?» ይላሉ። «ጠርጎ ነው የበላው።» ይስቁና እጄን ይስማሉ፤ «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር!» ይሉኛል። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ አልወጣኋትም።

ታኅሣሥ ላይ ብርዱ ሳንባቸውን መታቸው። ተኝቶ የሰነበተ ሰውነት መቋቋም አልቻለም፣ በአምስተኛው ቀን አረፉ። የመጨረሻዋ ሌሊት፣ «ጥር ስንት ቀን ቀረው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ልጃቸውን የሚያዩበትን ቀን እየቆጠሩ ነበር።

ከቀብሩ በማግስቱ ማለዳ ሦስት የዕድር ሰዎችና እኔ መርዶ ይዘን ሄድን። ሰዎቹ ለአለቆቹ አስረድተው ደረጀ ቢሮ ተጠርቶ መጣ። ከስቷል። ፀጉሩ ትንሽ አድጓል፤ ጥቁሩ ጨርቅ ግን አሁንም አንገቱ ላይ ነው። የዕድሩ ዳኛ እንደ ወጉ፣ «ልጄ፣ ሞት ለማንም አይቀርም...» ብለው ጀመሩ። ደረጀ በአክብሮት አቋረጣቸው። «አባቴ፣ አይድከሙ። እኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ» አላቸው። ዳኛው ግራ ገብቷቸው እኛን አዩን። «እንዴት? እናትህን የቀበርናት ትናንት ነው እኮ» አሉት።

ደረጀ ቀስ ብሎ ወደ ሰዎቹ አንድ በአንድ ተመለከተ። እኔን ዘሎ ሦስቱንም አየ። እኒያ ሰዎች የሚዋሹበት ምክንያት እንደሌላቸው ገባው። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«እስከ ትናንት በሕይወት ነበረች?»

«አዎ» አልኩት።

«ሁለት ወር ሙሉ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አላመጣሃትም?»

አልጮኸም፣ አልሰደበኝም፣ ቢመታኝ እንዴት በወደድኩ። መልስ ጠበቀ፤ በእውነት መልስ ይጠብቅ ነበር። አንደበቴ፣ ያን ክረምት ሙሉ መኪና ሲነዳ፣ ዝናብ ሲያዘንብ፣ ዋንጫ ሲያነሣ የከረመው አንደበቴ፣ አንዲት ቃል አጣ። ደረጀ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠና እንደ ገና አለቀሰ። አንድ ሰው ለአንዲት እናቱ ሁለት ጊዜ አለቀሰ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብስ ነበር። ላቅፈው ጎንበስ ስል እጄን ከትከሻው ላይ አነሣው።

ደረጀ ፍርዱን ጨርሶ ከወጣ ብዙ ዓመቱ ነው። የእናቱ ቤት ውስጥ ይኖራል፤ መሪ ዳግመኛ አልያዘም፣ አቃቂ ዋናው መንገድ ዳር ጎሚስታ ከፍቶ ጎማ ይጠግናል። ተጣልተናል አልልም። ሠርጌ ላይ ተገኝቷል፣ ልጄ ስትወለድ ሚስቱ ገንፎ አገንፍታለች። አንድ ፋሲካ ላይ፣ «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጅ ነበርን» ብሎኛል፤ ከልቡ መሆኑን አምናለሁ። ይቅርታና እምነት ግን አንድ ቤት እንደማያድሩ ያስተማረኝ እሱ ነው። ዕድር መቼ እንደሚሰበሰብ ብነግረው ሌላ ሰው ይጠይቃል። ልጄ ወንድ ልጅ ወለደች ብዬ ስደውልለት፣ «እልል!» አለና ወዲያው ለሚስቴ ደውሎ፣ «ግርማ የሚለው እውነት ነው?» አላት። እሷ እየሳቀች ነገረችኝ። ክፋት የለበትም፤ እሳት ያቃጠለው እጅ ሳይታዘዝ እንደሚሸሸው ነው። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ይከፋኛል፣ ይከፋኛል ብዬም ለማን እናገራለሁ? ለሰው አዝኜ ነው የሚለው ሰበብ ሌሎችን ሊያጽናና ይችል ይሆናል፤ እኔን አላጽናናኝም። ያዘንኩት ለሱ ከሆነ ለምን ያን ያህል ደስ አለኝ?

ከሁለት ሳምንት በፊት ሐኪሙ ስለ ኩላሊቴ አንድ ነገር ነገረኝ። ጥሩ ነገር አይደለም። ለሚስቴ እንኳ ሳልነግር ቀጥታ ወደ ደረጀ ጎሚስታ ሄድኩ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ቀድሞ የሚነግረው ለአብሮ አደጉ ነው። በርጩማ ሰጠኝ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ቁጭ ብሎ ሰማኝ። ስጨርስ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ወረቀት ሰጥተውሃል?» አለኝ።

ከደረት ኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። እንደሚጠይቀኝ ስለማውቅ ይዤው ነበር የሄድኩት። መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ማኅተሙን አየ፣ ቀኑን አየ። ከዚያ በኋላ ነው እንባው የመጣው።